ሰኔ ላይ ደክሞኝ ስገባ ምን ፊልም ልይ?

ጥያቄ (ከሒሳብ ሠራተኛዋ)

ሰላም ወገኖች። የምሠራው አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል ነው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው አሁን ያለንበትን ሁኔታ ያውቀዋል። ቀን የመጋዘን ቆጠራ፣ ማታ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ በመሃል የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ። ከቢሮ የምወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡና የታክሲ ሰልፉ ሲጨመርበት ቤት ስደርስ 3 ያልፋል።

እራት በልቼ ፊልም እከፍታለሁ፤ ሐሳቤ ግን ቢሮ የምንሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ ላይ ይቀራል። ወይ ታሪኩ አይገባኝም፣ ወይ ልብ አንጠልጣይ ተከታታይ ይይዘኝና እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አፍጥጬ እቆያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳት አለብኝ።

ፊልም በጣም እወዳለሁ፣ መተው አልፈልግም። በእንዲህ ዓይነት ሰሞን እናንተ ምን ታያላችሁ? እንዴትስ ነው የምታዩት? የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው ያለው። ዋይፋይ የለንም፣ የሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው።

መልስ (ከኦዲተሩ)

እህቴ፣ በርቺ! እኔ የውጭ ኦዲተር ነኝ፤ የእናንተ ጥድፊያ ሲያበቃ የእኛ ይጀምራል። በእንዲህ ያለ ሰሞን ፊልም ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ርዝመቱን ነው። ተዋናዩም ሽልማቱም በኋላ ይደርሳል። ማታ የተከፈተ የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ገና ሳይጀመር ያሳቅቃል።

የድሮ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ሞክሪ። የበስተር ኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የተሠራ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያጫውት ወጣት ሥራው ላይ እንቅልፍ ይጥለውና በህልሙ ሸራው ውስጥ ይገባል። እስካሁን ድረስ እንዴት እንደቀረጹት የሚያስገርሙኝ ቦታዎች አሉት። የቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» ደግሞ የ1921 ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የተጣለ ሕፃን አንስቶ የሚያሳድግ የአንድ ድሃ ሰው ታሪክ ነው።

እነዚህን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። የሚነበብ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥርና ሰነድ ሲያይ የዋለ ዓይን ማታ ደግሞ ሰብታይትል ሲያሳድድ አያርፍም። ለእናትሽም ለወንድምሽም ቋንቋው አያግዳቸውም፤ አብራችሁ ትስቃላችሁ።

መልስ (ከነርሷ)

ኦዲተሩ ያለው ጥሩ ነው። እኔ ግን ከፊልሙ በፊት እንቅልፍሽን ላንሳ። 7 ሰዓት ተኝተሽ 12 ተኩል ስትነሺ የተኛሽው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ነው። በየቀኑ እየጎደለ ሲሄድ ድካሙ ይደራረባል፤ ከዚያ የትኛውም ፊልም አይጥምሽም።

መጀመሪያ የምትተኚበትን ሰዓት ወስኚ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ይሁን። የፊልሙ ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠር። 4 ሰዓት ላይ ከጀመርሽ አንድ ሰዓት ከሩብ አለሽ፤ የቀረው ሩብ ፊት መታጠቢያና የነገ ልብስ ማዘጋጃ ነው። ልብ አንጠልጣዩን ተከታታይ እስከ ሐምሌ አቆዪው። እያንዳንዱ ክፍል የሚቆረጠው ቀጣዩን እንድትከፍቺ ታስቦ ነው፤ ደክሞሽ እያለ ያንን መቋቋም ከባድ ነው። ዩቲዩብ ላይ ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተውን ምርጫ አሁኑኑ አጥፊው።

ሌላው ቡና ነው። ከጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነትሽ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማታ ቡና ከተፈላ ለጨዋታው ተቀመጪ፤ መጠጣቱ ለእሁድ ይቆይሽ።

በጣም በደከመሽ ቀን ደግሞ ፊልሙ ይቅርና ተኚ። ፊልሙ የትም አይሄድም።

መልስ (ከጡረተኛው)

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በንብረት ክፍል ነው የጨረስኩት። ሰኔን አውቀዋለሁ፣ አይዞሽ። ነርሷ ልክ ናት። ግን ረጅም ፊልም ሁሉ አይጠላ። የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ገደማ ቢፈጅም አብዛኛው መሃል ላይ እረፍት እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። ታሪኩ እዚያ ጋ አንድ ቦታ ደርሶ ይቆማል። እኔና ባለቤቴ «ስሪ ኢዲየትስ»ን ለሁለት ማታ ከፍለን ነው ያየነው፤ ምንም አልጎደለብንም። ያየሽውን ደግሞ ማየትም አትናቂ፤ መጨረሻውን የምታውቂው ፊልም አያስጨንቅም።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ሌላ ነው። እናትሽ የሚከታተሉት ተከታታይ ይኖራል። ካና በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ድራማ የማይከታተል ቤት ጥቂት ነው። አጠገባቸው ተቀመጪና «ዛሬ ምን ሆነ?» በያቸው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን የማን ልጅ ሆኖ እንደተገኘ ሲነግሩሽ የቢሮው ነገር ከጭንቅላትሽ ይወጣል። እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁሽ ነው የዋሉት። እንዲህ ያለ ምሽት ለሁለታችሁም እረፍት ነው።

መልስ (ስለ ዳታው)

ማታ ደክሞሽ ገብተሽ ቀጥታ ኔት ላይ አትዪ። አንደኛ ዳታ ይበላል፣ ሁለተኛ ምን ልይ እያልሽ ስትፈልጊ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቅዳሜ ወይም እሁድ ለሳምንቱ ሁለት ሦስት ፊልም መርጠሽ አውርጂ። የኢትዮ ቴሌኮም የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል። ጥራቱን 480 አድርጊው፤ ለስልክ በደንብ ይበቃል፣ ከ1080 ጋር ሲነጻጸር ዳታው በጣም ያንሳል።

ዩቲዩብ አፕ ላይ ያወረድሽው ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፣ የሚጫወተው እዚያው አፑ ውስጥ ነው። ኦዲተሩ የጠቀሳቸው ሁለቱ ፊልሞች ግን በአሜሪካ የቅጂ መብታቸው ያለፈ ስለሆነ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። በኤምፒ4 አውርደሽ ፍላሽ ላይ ጫኚውና ሳሎን ቲቪው ላይ ሰኪው። መብራት ከሄደ ላፕቶፕ ላይ ቅጂ ይኑርሽ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እናቴ እውነትም የምትከታተለው አላት፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አጠገቧ እቀመጣለሁ። «ሸርሎክ ጁኒየር»ን ለቅዳሜ ከወንድሜ ጋር አድርጌዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የአገር ፊልምስ? «ጤዛ»ን እስካሁን አላየሁትም። አሁን ልየው ወይስ ልቆይ?

መልስ (ከፊልም ወዳጁ)

ቆዪ። «ጤዛ» የኃይሌ ገሪማ ትልቅ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ግን 140 ደቂቃ ነው። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር ትዝታው ወደ ደርግ ዘመን ወደፊትና ወደኋላ ይወስድሻል። ያ መመላለስ ንቁ አእምሮ ይፈልጋል። ደክሞሽ ብታይው ፊልሙን ትበድይዋለሽ።

አሁን የአገር ፊልም ካማረሽ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ይሻላል፤ 94 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ጩኒ ከምትባል በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀራል፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ ተራራው ያምራል፣ ንግግሩ አማርኛ ነው። ሐዘን አለው፤ እንባሽ ቅርብ በሆነበት ቀን አትክፈችው። አርብ ማታ ይሁን።

«ጤዛ»ን ሐምሌ ላይ እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልክሽን አጥፍተሽ እዪው። ስታዪው እዚህ ጻፊልን፤ ስለ መጨረሻው ክፍል የማወራው ብዙ አለኝ።