የመስጊድ ጥበቃ የሆነው ወንድሜ ተሰናበተ፤ የሠራተኛ ሕጉ አይመለከተውም?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ደሴ ውስጥ በአንድ መስጊድ ዘጠኝ ዓመት በጥበቃና በጽዳት ሠርቷል። ሌሊት የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ተነሥቶ የውዱእ ታንከሩን የሚሞላው፣ ለሱብሒ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ሙአዚኑ ሲታመም አዛን ያደርጋል። ደመወዙን በየወሩ መዝገብ ላይ ፈርሞ ይወስዳል፤ የተጻፈ ውል ግን የለውም። በጥቅምት መጀመሪያ አዲሱ ኮሚቴ ቁልፉን ተቀብሎ አሰናበተው። የሁለት ወር ደመወዝም ቀርቶበታል። «ያገለገልከው ለአላህ ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ስለሆኑ የሠራተኛ ሕግ እኛ ዘንድ አይገባም» አሉት። እውነት ነው? ኅዳር ተጋምሷል፤ ሽማግሌ ልከን መልስ እየጠበቅን ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ አላህ ያግራላችሁ። የመስጊድ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብትሄዱ አይሻልም? የመስጊድን ገመና በየችሎቱ ማውጣት ለሁላችንም ከባድ ነው።

ጠበቃ ከፒያሳ፦
የቦርከና ስጋት ይገባኛል፤ ነገር ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍን (ለሃይማኖትና ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረትን) እና የመሳሰለውን ያያል እንጂ የቅጥር ክርክር ሥልጣኑ አይደለም። ጉዳዩ የሚቀርበው ለመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ኮሚቴው የጠቀሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ነው። አንቀጹ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ኢማም ማን ይሁን፣ ኹጥባ ማን ያድርግ የሚለውን ዳኛ አይወስንም። ታንከር የሞላና ግቢ የጠበቀ ሰው ደመወዝ ግን የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 3ም የሃይማኖት ድርጅቶችን በጅምላ አላስወጣም፤ አዋጁ በእነርሱ የሥራ ግንኙነት ላይ እንዳይፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን ይችላል ነው የሚለው። ስለዚህ «ሕጉ አይመለከተንም» የሚል ወገን የተመረኮዘበትን ደንብ ያሳይ።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስጨንቃችሁ። የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ አሠሪው ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ቀኑ ነው! ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ የሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ለውዝፍ ደመወዝና ከስንብት ለሚመነጩ ክፍያዎች ያለው ጊዜ ስድስት ወር ነው። ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይርጋን አያቋርጥም። ኮሚቴው የወንድምህን መብት በግልጽ በጽሑፍ ካመነ ግን ይቋረጣል። ሽማግሌዎቹን አክብሩ፤ ጥር እስኪገባ ግን አትጠብቁ።

መሪጌታ (ሐይቅ)፦
ልጄ፣ ይህ ነገር በእኛም ቤት አለ። የቀዳሹ ካህንና የዲያቆኑ ጉዳይ በቃለ ዓዋዲው (በቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ) መሠረት በሰበካ ጉባኤና በሀገረ ስብከት ይታያል። የማውቀው አንድ የደብር ዘበኛ ሲሰናበት ግን አልፎ አልፎ ደወል ይደውል ስለነበር «መንፈሳዊ አገልጋይ ነው» ተብሎ ተከራከሩበት። የወንድምህ አዛንም እንዲሁ እንዳይነሣበት ከወዲሁ ተዘጋጁ። ሰው ለእግዚአብሔር ብሎ መልካም መሥራቱ የላቡን ዋጋ ሊያስቀርበት አይገባም። በእኔ እምነት ይህ በሁለቱም ቤት ነውር ነው።

የጦሳ ልጅ፦
መሪጌታ፣ አላህ ያክብርልኝ። ጠበቃ፣ መዝገቡ በኮሚቴው እጅ ነው፤ አንሰጥም ቢሉስ? ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብም የለንም።

ጠበቃ ከፒያሳ፦
ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። መዝገቡን ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ በማስረጃ ዝርዝራችሁ ላይ ጠይቁ። ከጀመዓው ሲሠራ ያዩትንና ደመወዝ ሲቀበል የነበሩትን ሁለት ሦስት ምስክር አዘጋጁ፤ የቀድሞው የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ፈቃደኛ ከሆኑ ከሁሉም ይበልጣሉ። የመሪጌታ ምክር ትልቅ ነው፦ በአቤቱታው ላይ የየቀኑን ሥራ በሰዓት በሰዓት ጻፉ፤ አዛኑንም አትደብቁ፣ ሙአዚኑ ሲታመም ብቻ እንደነበረ ግለጹ።

የሥራ ስንብት ክፍያውንም አትርሱ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለም በገንዘብ ይታሰባል። ወደ ሥራ መመለስን በዋናነት፣ ክፍያዎቹን በአማራጭ አድርጋችሁ በአንድ አቤቱታ አቅርቡ። የሁለቱ ወር ውዝፍ ደመወዝ ግን በየትኛውም መንገድ የሚጠየቅ ስለሆነ ለብቻው ይጻፍ።