የአይፒ ሥሪት 6 ፕሪፊክስ ልወጣ፦ ፓኬቱ ይወጣል፣ መልሱ ግን አይመለስም
ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ በሚገኘው ቢሯችን በፒኤፍሴንስ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ላይ የአይፒ ሥሪት 6 ፕሪፊክስ ልወጣ (የውስጥ አድራሻዎችን የፊት ክፍል ማለትም ፕሪፊክሱን በውጭው መተካት) አዘጋጅቼ መላ አጥቻለሁ። የውስጡም የውጭውም ፕሪፊክስ /64 (64 ቢት) ስለሆነ የርዝመት ልዩነት የለም። ከሠራተኞች ኮምፒውተር የተላከው ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) አድራሻው በትክክል ተለውጦ በውጭው በር ሲወጣ ይታየኛል፤ መልስ ግን የለም። ፋየርዎሉ ራሱ ሲልክ ደግሞ ወዲያው ይመለስለታል!

ፓኬቶቹን (የሚላኩትን የመረጃ ጥቅሎች) ስመረምር የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተር የተለወጠውን አድራሻ «የማን ነው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ «የኔ ነው» የሚለው ግን የለም። ስለዚህ ፕሪፊክሱ ወደ ፋየርዎላችን እንዲመራ አልተደረገም ብዬ እጠረጥራለሁ። የኤንዲፒ ፕሮክሲ (በተለወጡት አድራሻዎች ፈንታ «የኔ ነው» ብሎ የሚመልስ ፕሮግራም) ልጫን ወይስ አቅራቢው /56 (ከ/64 የሰፋ የአድራሻ ክልል) መድቦ ወደ እኛ እንዲመራልን ልጨቅጭቅ? ስልክ ካነሱልኝ ማለቴ ነው። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ልናስገባ ስለሆነ ልወጣውን መተው አልችልም። የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።