«ኦራ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ፦ ጓዶች፣ አንድ ቃል ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዋልተር ቤንያሚን የሥነ ጥበብ ሥራ በመሣሪያ ሲባዛ ምን እንደሚሆን የጻፈውን ድርሰት እየተረጎምሁ ነው፤ መጀመሪያ በ1936 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ የታተመውን። የቲያትር ተዋናይ ሕዝብ ፊት ይቆማል። የፊልሙ ካሜራ ፊት ነው። በሙሉ ሕያው አካሉ ይሠራል፣ «ኦራውን» ግን ትቶ። እኔ «ግርማ ሞገሱን ትቶ» አልሁ። ያስኬዳል? ታናሽ ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ባየ ቁጥር «ኦራ አለው!» ስለሚል፣ እንዳለ ልተወውም አስቤያለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አያስኬድም ወንድሜ። ግርማ ከ«ገረመ» ነው። በግዕዝ ግሩም ማለት የሚያስፈራ ነው፤ የዛሬው «ገረመኝ» አቅልሎታል። ሞገስ ደግሞ ከሌላ የምታገኘው ነው፤ ለማርያም «ረከብኪ ሞገሰ»፣ ሞገስን አግኝተሻል፣ የተባለው ለዚህ ነው። «ጸዳል» በለው።

ፊልም አፍቃሪ፦ ጸዳል ብርሃን ነው። ፊልም ደግሞ ያለ ብርሃን ምንድን ነው? የቤንያሚን «ኦራ» ርቀት ነው፤ ምንም ቢቀርብ ሩቅ የሚሆንብህ ነገር። ታቦት አስቡ። ጥምቀት ላይ በአጠገባችን ያልፋል፣ እንሰግዳለን፣ ግን ተሸፍኗል። ቤንያሚንም ካህን ብቻ ስለሚያያቸው የአማልክት ሐውልቶችና ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ስለሚሸፈኑ የማርያም ሥዕሎች ጽፏል። ካሜራ ግን ገላልጦ ፊትህ ድረስ ያመጣልሃል።

ጠያቂ፦ ታቦቱ ልቤን ነካው። ቃሉስ?

መዝገበ ቃላት፦ ሥሩን ያዙ። «ኦራ» በግሪክኛ ለስላሳ ነፋስ ነው። የእኛዎቹ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ ከአንድ «ነፍሰ» ናቸው። ቤንያሚን ራሱ በበጋ ከሰዓት ጋደም ብሎ ሩቅ ተራራ የሚያይ ሰው የተራራውን ኦራ «ይተነፍሳል» ይላል። «መንፈስ» ነው!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ መንፈስ ካልህ አንባቢህ ቅዱሱን ወይም ርኩሱን ያስባል።

መዝገበ ቃላት፦ «የዘመኑ መንፈስ» ስንልስ? ደግሞ ግዕዝ «ነፍስት» ሲል አካል ማለቱ ነው። ተዋናዩ ነፍስቱን ካሜራው ፊት ያቆማል፣ ነፍሱን ይተዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ነፍስትን ከነፍስ እንዲህ በችኮላ አታጋባ።

ፊልም አፍቃሪ፦ ነፍሱን ከተወማ ሞተ ማለት ነው። ቤንያሚን ሕያው ነው ያለው።

መዝገበ ቃላት፦ የኔታ፣ ነፍስት ከሌላ ሥር ነው ካሉ ሥሩን ያምጡ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ከሌላ ሥር ነው አላልሁም። አታጋባ ነው ያልሁት።

ጠያቂ፦ ነገ ረቂቁን አስረክባለሁ። «ግርማ ሞገስ» እንዳለ ይሁን በቃ?

መዝገበ ቃላት፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የነፍስትን ነገር እንጨርስ።