«ለባለቤቱ ሰጥቸው አማን ሆንሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ዐረፍተ ነገር ከሰማሁ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፣ እርዱኝ።

አያቴ ሐይቅ አጠገብ ነው የምትኖረው። ጎረቤቷ የእርሻ ድንበር ገፍቶባት ሦስት ዓመት ስትካሰስ ቆየች። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቀበሌ ተኬደ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ በኩራዝ ትፈትል ነበር። እየፈተለች ስለ ድንበሩ ብቻዋን ታወራለች። ክሩ እጇ ላይ ብጥስ ይላል። በምራቋ አርሳ ትቀጥለዋለች፣ ደግሞ ይበጠሳል።

ለፍልሰታ ስሄድ እንዝርቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። እሷ ፀሐይ እስኪወጣ ተኝታለች። «ምን ተገኘ?» ስላት «ለባለቤቱ ሰጥቸው አማን ሆንሁ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ጥር ላይ ግን የጎረቤትየው አንዱ በሬ ሞተ። አሁን መንደሩ «ለፈጣሪ ሰጥታው ነው» ይላል። ረግማዋለች ማለታቸው ነው። አክስቴም እንደዚያው። እኔ ያን ጠዋት ፊቷን አይቻለሁ፣ የተራጋሚ ፊት አልነበረም። «ሰጥቸው» እርግማን ነው ወይስ ማረፍ?

ዋድላ፦
ልጄ፣ ዋድላ ቅኔ ቤት አኮፋዳ ይዤ ቁራሽ ለምኜ የተማርሁ ነኝና ልናገር። ቁልፉ «ሰጥቸው» አይደለም፣ «አማን» ነው። አማን በግእዝ እውነት ማለት ነው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል «አማን አማን እብለክሙ» ሲል «እውነት እውነት እላችኋለሁ» ማለቱ ነው። አያትሽ «እውነተኛ ሆንሁ» ነው ያሉት። ሐሰት ክርክር ውስጥ ነበሩ፣ ወጡ።

ደሴ ፒያሳ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኛ ጋ አማን ሰላም ነው። «አማን ነው?» ተባብለን ነው የምንውለው። ምንም ሳይኖር ነገር ሲነሣ «ባገር አማን» እንላለን። ደግሞ በእናቴ በኩል ሙስሊም ነን፣ ወሎ አይደል? አያቴ ዕቃ ሰው ቤት ስታስቀምጥ «አማና» ትላለች። አደራ ማለት ነው። በዐረብኛም አማን ደኅንነት ነው። ሥሩ አንድ ነው፣ አ-መ-ነ። አደራውን ለታመነ ሰው ሰጥተሽ ስትመለሺ የሚሰማሽ ነገር አለ አይደል? አማን እሱ ነው። እኔ እርግማን አይታየኝም።

የላሊበላ ልጅ፦
እንዴት አማኑኤልን ረሳችሁ? እኛ አገር ቤተ አማኑኤል ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ቆሟል። አማን ሲደመር ኤል። «እግዚአብሔር ሰላማችን» ማለት ነው። እማማ ሳያውቁት የጌታን ስም ነው የጠሩት።

ሰዋስው፦
ወንድሜ፣ ነገሩ ያምራል፣ ግን አይሆንም። ማቴዎስ 1፥23 ራሱ ፈቶታል፦ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር። ዕብራይስጡ ዐይን በሚባለው ፊደል (በ«ዐ») የሚጀምር ሌላ ቃል ነው። አመነ በአልፍ (በ«አ») ነው።

የላሊበላ ልጅ፦
እሺ እሱን ተውኩት። ግን አመነ ስንል «መ» ይጠብቃል፣ አማን ስንል ይላላል። እንግዲያ እነሱም ሁለት ሥር ናቸዋ!

ሰዋስው፦
ሰበረ ሲል «በ» ይጠብቃል፣ ሰባራ ሲል ይላላል። ሁለት ሥር ነው? አይደለም። መጥበቁ የግሱ ጠባይ ነው። እውነት፣ እምነት፣ ሰላም ከአንድ ግንድ መብቀላቸው እኔንም ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኢሳይያስ 7፥9 ላይ «ባታምኑ አትጸኑም» ይላል። በዕብራይስጡ ማመኑም መጽናቱም ከዚሁ ሥር ናቸው። የኔታና ደሴ የሚጣሉበት ነገር የለም። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ዋድላ፦
ሁለታችንም ልክ አንሆንም። ማመንና መታመን ይለያያል። በቅዳሴ ሕዝቡ «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን» ይላል። እናምናለን፣ እንታመናለን። አንድ ቢሆን ኖሮ አባቶች ሁለቴ ለምን ይሉታል?

ደሴ ፒያሳ፦
ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው የኔታ?

ዋድላ፦
ጎረቤትህ ሌባ አይደለም ብለህ መናገር ማመን ነው። የቤትህን ቁልፍ ሰጥተኸው ባቲ ገበያ ሄደህ ማደር መታመን ነው። ያመነ ሁሉ አይተኛም። የታመነ ይተኛል። እኔ ይህን ያወቅሁት በእርጅናዬ ነው፣ ልጅ በሞተብኝ ዓመት። ጸሎተ ሃይማኖቱን በቃሌ እያወጣሁ እንቅልፍ ግን አልነበረኝም።

ሰዋስው፦
እግዚአብሔር ያጽናዎት የኔታ። እንግዲያ መዝሙር 4፥8ን ይመልከቱልኝ። «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም፤ አቤቱ፥ አንተ ብቻህን በእምነት አሳድረኸኛልና።» እዚህ ላይ «በእምነት» የሚለው ያለ ሥጋት፣ በአማን ማለት ነው። ዕብራይስጡም ደኅንነትን ነው የሚለው። ተርጓሚዎቹ «እምነት» ብለው ጻፉት፣ ለአማርኛ ጆሮም አልጎረበጠም። አያትየው የተናገሩት ይኸንኑ ነው።

ሌላው «ባለቤቱ» ነው። በሰዋስው ባለቤት አድራጊው ነው፣ ግሱ የሚታዘዝለት። ሥልጣን ያለው ማለት ነው። ማርቆስ 4 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በማዕበሉ ሲጨነቁ ጌታ ባሕሩን «ዝም በል፥ ፀጥ በል» አለው፣ ጸጥታ ሆነ። ጸጥታው የመጣው ከባለቤቱ ትእዛዝ ነው። እኛ የነገሩ ባለቤት ሆነን ስንቆም ነው ሌሊቱ የሚረዝመው።

የሐይቅ ልጅ፦
ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው፣ እያለቀስኩም ጭምር። ግን «ሰጥቸው»ን ማንም አልነካልኝም።

ደሴ ፒያሳ፦
እኔ ልሞክር። ነገሩ ያለው መጨረሻዋ «ው» ላይ ነው። ማንን ናት? ሰውየውን ከሆነ ክስ ነው፣ «ያዝልኝ» ማለት ነው። ነገሩን ከሆነ አደራ ነው።

የላሊበላ ልጅ፦
ሮሜ 12፥19 ላይ «ራሳችሁ አትበቀሉ፥ ለቍጣው ፈንታ ስጡት እንጂ» ይላል። ያው ቃል ነው፣ ስጡት! እኛም አገር «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት» ያለ ሰው ይፈራል። አክስትሽ ዝም ብላ አልተነሣችም።

ሰዋስው፦
1 ጴጥሮስ 2፥23ንም ጨምርበት። ጌታ ሲሰድቡት መልሶ አልተሳደበም፣ በጽድቅ ለሚፈርደው «ራሱን አሳልፎ ሰጠ» ይላል። ጠላቱን አይደለም የሰጠው። ጠላቱን የሰጠ ሰው እኮ መቼ ይመታልኝ እያለ በር በሩን ያያል። እንዝርቱን አይሰቅልም።

ዋድላ፦
ይህ ስብከት ነው እንጂ ሰዋስው አይደለም። «ው» ለሰውም ለነገርም ይሆናል። ኅብር ነው፣ ሁለቱንም ይዟል። የተናገረው ሰው ካልተጠየቀ አይፈታም።

የሐይቅ ልጅ፦
ትናንት ማታ ደወልኩላት። «የሰጠሽው ሰውየውን ነው ወይስ ነገሩን?» አልኳት። ጥያቄው ግራ ገባት መሰለኝ። «ድንበሩማ እዚያው ነው፣ አልተመለሰልኝም» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሰውየው ለመቀናጆ ሰው አገኘ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያለሁት ደሴ፣ በምን ላውቅ? «የበልጉ እርሻ ደርሷል፣ የኔም በሬ ብቻውን ነው የቆመ» ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ዋድላ፦
ደግ ሴት ናቸው። ግን «አማን ሆንሁ» ነው ያሉት ወይስ «አማን አደርሁ»? በደንብ አስታውሺ። «አደርሁ» ከሆነ ሰዋስው የጠቀሰው መዝሙር ራሱ ነው፣ እኔም ቃሌን አነሣለሁ። እንደገና ደውለሽ ጠይቂልኝ።