የእናቴን ሳሎን ካሜራ ቅጂ ቤት ውስጥ ብቻ ማስቀረት ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቤት ካሜራና ራውተር የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

እናቴ ባሕር ዳር ሽምብጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ብትወድቅ ማን ይደርስላታል ብሎ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በዋይፋይ የሚሠራ ካሜራ ልኮ ሳሎን አስገጠመላት። አሳቢነቱን አከብራለሁ። ግን ካሜራው ድምፅም ይቀዳል፤ ሳሎኑ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣበት፣ በዚህ ጊዜ ሰው የሆዱን የሚያወጣበት ነው። አንዳንዶቹ «ይሄ ማን ጋ ነው የሚደርሰው?» እያሉ ሁለተኛውን ሳይጠጡ መነሣት ጀምረዋል። እናቴ ያለ ቡናዋና ያለ ጎረቤቶቿ ምን ይቀራታል?

ያነበብኩት አላረጋጋኝም። ቅጂው የሚቀመጠው ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር (መረጃ ማከማቻ ኮምፒውተር) ላይ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ሪንግ የተባለውን የራሱን የቤት ካሜራ ቅጂዎች ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ፣ አስቸኳይ ነው በሚል፣ በዚያው ዓመት 11 ጊዜ ለፖሊስ መስጠቱን ገልጿል። እኛ ጋ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ሰርቨሩ ውጭ ሲሆንስ? የሕግ ሰው ካላችሁ ይህን አስረዱኝ።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ሚሞሪ ካርድ ጨምሬበታለሁ። ራውተሩ ላይ ኢንተርኔቱን ስዘጋበት ግን ወንድሜ ምንም አያይም፣ ይጨነቃል። ማይኩን የሚያጠፋ ምርጫም አፑ ላይ አጣሁ።

ቅጂው ካርዱ ላይ ብቻ እየቀረ ወንድሜ በቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መስመር በመገናኘት) የሚያይበት መንገድ አለ? ከፍቶ ማይኩን መንቀልስ ካሜራውን ያበላሸዋል? ባሕር ዳር ያላችሁ ባለሙያዎች ቤት መጥታችሁ ብታዩልኝ እከፍላለሁ።