ለእናቴ ዳሌ የትኛው ብረት ይሻላል? በሲሚንቶ ወይስ ያለ ሲሚንቶ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የዳሌዋ መገጣጠሚያ አልቋል፤ ከወንበር ለመነሳት እንኳ ሰው መያዝ አለባት። ቅየራው ተወስኗል። ጭን አጥንቷ ውስጥ የሚገባው ብረት በሲሚንቶ (ብረቱን ከአጥንቱ ጋር በሚያያይዝ የሕክምና ማጣበቂያ) ይሁን ያለ ሲሚንቶ ግን ሐኪሟ ገና አልቆረጠም። አጥንቷ ሳስቷል ተብለናል። ዘመዶች «ያለ ሲሚንቶው ዘመናዊ ነው፣ እሱን ጠይቁ» ይሉናል። እውነት ነው?

የአጥንት ሐኪም፦
«ዘመናዊ» የሚለውን እንተወው። ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ብዙውን ጊዜ የቲታኒየም ቅይጥ ነው፤ ላዩ ሻካራ ስለሆነ አጥንት ያድግበታል። እስኪያድግበት ድረስ የሚይዘው ግን ጥብቅ ብሎ መግባቱ ነው። ለዚያ ደግሞ በመዶሻ ይመታል። የሳሳ አጥንት እዚያው ሊሰነጠቅ ወይም በቀጣዮቹ ሳምንታት ሊሰበር ይችላል። በእናትዎ ዕድሜ፣ በተለይ በሴቶች፣ በሲሚንቶ ሲሆን እንዲህ ያለው ስብራት ያንሳል። እኔ ወደ ሲሚንቶው አደላለሁ።

ራጁን ይዘው «ዶር ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዶር የጭን አጥንትን ቅርጽ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ የሚለይ ምደባ ነው። የአጥንቱ ግድግዳ ወፍራም ሆኖ ቦዩ፣ ማለትም ብረቱ የሚገባበት የአጥንቱ ውስጥ ክፍተት፣ ወደ ታች ከጠበበ ኤ ይባላል። ግድግዳው ስስ፣ ቦዩ ሰፊ ሆኖ ቱቦ ከመሰለ ሲ ነው። ቢ መሃል ላይ ነው። ሲ ከሆነ ክርክሩ ያበቃ ይመስለኛል።

አንድ አባል፦
እኔ በ52 ዓመቴ ያለ ሲሚንቶ ነው የተሠራልኝ፣ ተመስገን ደህና ነኝ። ግን እህቴ፣ የኔን አይተሽ ለእናትሽ አትወስኚ። የኔ አጥንት ጠንካራ ነበር።

የማደንዘዣ ባለሙያ፦
ሲሚንቶው ሲገባ የደም ግፊትና ኦክስጅን ድንገት ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከፋም፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ ግን አስቀድማችሁ ንገሩን። ቦዩ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል፣ እኛም ተዘጋጅተን እንጠብቃለን።

ጠያቂ፦
ልቧ ደህና ነው፣ የግፊት መድኃኒት ብቻ ትወስዳለች። ሐኪሟ ያለ ሲሚንቶ ካለስ?

የአጥንት ሐኪም፦
የግፊቱንም መድኃኒት ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። ያለ ሲሚንቶ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁት፤ ኮላር ያለው ይሆን እንደሆነም ጭምር። ኮላር የተቆረጠው አጥንት ጫፍ ላይ የምታርፍ የብረቱ ከንፈር ናት። ብረቱ እንዳይሰምጥ ትረዳለች፣ ቶሎ የሚመጣ ስብራትንም ትቀንሳለች። ሐኪሙ እጁ የለመደው ዓይነት የቱ እንደሆነም ይጠይቁ። ይሄ ከብረቱ ስም ይበልጣል።

ፊዚዮቴራፒስት፦
የእግር ርዝመትና ኦፍሴት (ከዳሌው ኳስ መሃል እስከ ጭን አጥንቱ መሃል መስመር ያለው የጎን ርቀት) በራጅ ላይ አስቀድሞ ይለካ እንደሆነ ጠይቁ። ኦፍሴቱ ካነሰ የዳሌ ጡንቻ ይላላል፣ ማነከስ ይመጣል። ያንን በስፖርት ብቻ ማስተካከል ይከብደናል።