የነቀዝ ክኒን ለመሸጥ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛል፣ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አግዙኝ።

ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የዘርና የፀረ ተባይ ሱቅ አለኝ። የብቃት ማረጋገጫ አለኝ፣ ንግድ ፈቃዴም ታድሷል። ያስቸገረኝ የነቀዝ ክኒን ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን እህሉ አጠገብ የተኛውንም ሰው ይገድላል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት መጡ። «ልጄ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ ስጠኝ፣ በቆሎዬን ነቀዝ ጨረሰው» አሉኝ። መያዣ እንዲሆናቸው ባዶ ፌስታል ይዘዋል። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ ጆንያውም ከአልጋው ሥር። «የለም» ብዬ መለስኳቸው። ኋላ ስሰማ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ገዝተዋል። እኔ ታዲያ እምቢ ብዬ ምን ፈየድኩ?

አዋጅ ቁጥር 674/2002ን አገላብጬ አነበብኩት። ያለ ብቃት ማረጋገጫ ፀረ ተባይ መሸጥ እንደማይቻል ገብቶኛል። ግን የእኔ ማረጋገጫ እንደዚህ ክኒን ያሉ፣ አጠቃቀማቸው የተገደበ ፀረ ተባዮችንም ይጨምራል? ወይስ ለክኒኑ የተለየ ሥልጠና አለ? ወረዳ ስጠይቅ ዞን ሂድ፣ ዞን ስሄድ ክልል ጠይቅ። «ነገ ና» ሰልችቶኛል።

ሌላው፣ እኔ ሳልኖር ታናሽ ወንድሜ ነው ሱቁን የሚጠብቀው። ሥልጠና የሚባል አልወሰደም። እሱ ቢሸጥ እኔን ያስጠይቀኛል?

በቅርቡ ይህን ያለፈበት ሰው ምን ምን ወረቀት እንደጠየቁት ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።